ዳኛ ሲገኝ ተናገር፦ የአሳማኝ ንግግር ንድፍ አመጣጥና ፈተና

የንግግር ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል መምህሩ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚጽፋቸው የመጀመሪያ ቃላት በየአገሩ ተመሳሳይ ናቸው፦ መግቢያ፣ የነገሩ አመጣጥ፣ ማስረጃ፣ ለተቃራኒ ሐሳብ መልስ፣ መደምደሚያ። ተማሪዎቹ ዝርዝሩን በደብተራቸው ይገለብጣሉ። ከዚያም እያንዳንዳቸው አንድ ርእስ መርጠው፣ አድማጭን የሚያሳምን ንግግር ከማሰማታቸው በፊት ንድፉን አውጥተው እንዲያቀርቡ ይታዘዛሉ። ብዙዎቹ ትእዛዙን የሚቀበሉት እንደ አንድ የትምህርት ቤት ወግ ነው። ንድፉ ለመምህሩ ይቀርባል፤ ማርክ ይሰጥበታል፤ ይረሳል።

ነገር ግን ይህ በሰሌዳ ላይ የተደረደረ ዝርዝር ትምህርት ቤት የወለደው አይደለም። የተወለደው በፍርድ አደባባይ ነው፤ ለመወለዱም ምክንያት የሆነው መሬቱን የተቀማ ሰው አቤቱታ ነው። ዕድሜው ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ይበልጣል። በዚህ ረጅም ዘመን ውስጥ አንድ ጊዜ አብቧል፣ አንድ ጊዜ ደርቋል፣ እንደገናም አቆጥቁጧል። ታሪኩን ከሥሩ ለሚመረምር ሰው አንድ ጥያቄ በየምዕራፉ ይመላለስበታል፦ በሥርዓት የተነደፈ ንግግር ሰውን ለማሳመን የሚበቃው መቼ ነው? የሚከሽፈውስ መቼ ነው?

የመሬት ክርክር የወለደው ጥበብ

በሜዲትራንያን ባሕር በምትገኘው በሲሲሊ ደሴት ላይ ሲራኩስ የምትባል የግሪኮች ከተማ ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጌሎንና ወንድሙ ሂየሮን ከተማይቱን በየተራ በአምባገነንነት ገዟት። እነዚህ ገዥዎች ሕዝብን ከቀየው እየነቀሉ ወደ ሌላ ሥፍራ ያሰፍሩ፣ መሬቱንም ለቅጥረኛ ወታደሮቻቸው ያድሉ ነበር። ሌላው ወንድማቸው ትራሲቡሉስ ሥልጣኑን ይዞ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ሕዝቡ ተነሥቶ አባረረው። ይህ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ466 ዓመት ገደማ ነው።

አምባገነኑ ሲወድቅ ታፍኖ የኖረው ጥያቄ ፈነዳ። የተቀማው መሬት የማን ነው? ከስደት የተመለሰው ባለ ርስት፣ በግድ ተነቅሎ የነበረው ገበሬ፣ በቦታው ላይ የሰፈረው ባዕድ ወታደር፣ ሁሉም «የእኔ ነው» አሉ። ከዚያ በፊት የዚህ ዓይነቱን ነገር የሚቆርጠው የገዥው ቃል ነበር። አሁን ግን የሚፈርደው ሸንጎ ሆነ። ስለዚህ በሕይወቱ በአደባባይ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ሁሉ ከዳኞች ፊት ቆሞ ነገሩን ማስረዳት ግዴታው ሆነ።

የጥንት ጸሐፊዎች ኮራክስና ቲሲያስ የሚሏቸው ሁለት የሲራኩስ ሰዎች ብቅ የሚሉት በዚህ ወቅት ነው። ሮማዊው ሲሴሮ አሪስቶትልን ዋቢ አድርጎ እንደ ጻፈው፣ የንግግር ጥበብ ሕግጋት በሲሲሊ በጽሑፍ የተዘጋጁት አምባገነኖቹ ከተባረሩ በኋላ፣ ለረጅም ጊዜ በሰው እጅ የቆየው የግል ንብረት በፍርድ መጠየቅ በጀመረበት ጊዜ ነው። የተበደለ ሰው በባሕርዩ ከቁጣው ይጀምራል፤ የኋላውን ያስቀድማል፤ ምስክሩን ሳይጠራ ይራገማል፤ በመጨረሻም የሚፈልገውን ሳይጠይቅ ይቀመጣል። ኮራክስና ቲሲያስ ለዚህ ሰው ያበጁለት መንገድ ግልጽ ነው። በመጀመሪያ የሰሚውን ጆሮ ይክፈት፤ ቀጥሎ የሆነውን ይተርክ፤ ከዚያ ያረጋግጥ፤ በመጨረሻም ነገሩን ጠቅልሎ ፍርድ ይጠይቅ። ስለ ክፍሎቹ ብዛት የኋላ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ የመንገዱ አቅጣጫ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ቅደም ተከተሉ የወጣው የሰሚውን አእምሮ በመከተል ነው። ልቡ ያልተከፈተ ዳኛ ታሪክ አይሰማም፤ ታሪኩን ያልሰማ ዳኛም ማስረጃው ለምን እንደሚቀርብለት አይገባውም።

ሁለቱ ሰዎች ያስተማሩት ሌላው ነገር ምስክር በሌለበት «ሊሆን የሚችለው የትኛው ነው?» ብሎ መከራከርን ነው። ደካማ ሰው ጉልበተኛን ደበደበ ተብሎ ቢከሰስ «እኔን የመሰለ ደካማ እንዴት ይህን ይደፍራል?» ይላል። ጉልበተኛውም በተራው ቢከሰስ «ጥርጣሬው በእኔ ላይ እንደሚያርፍ እያወቅሁ እንዴት አደርገዋለሁ?» ይላል። መሣሪያው ለእውነትም ለሐሰትም ያገለግላል ማለት ነው። ስለዚህም ነው ሕዝቡ ገና ከጅምሩ በጥበቡ የቀለደው። እንደሚተረተው ቲሲያስ የመምህሩን ደመወዝ ከለከለ። ኮራክስም ከሰሰው። ተማሪው «ብረታ በፍርዱ መሠረት አልከፍልም፤ ብረታም ማሳመንን አላስተማርኸኝምና አልከፍልም» ብሎ ተከራከረ። መምህሩም ያንኑ ነገር ገልብጦ መለሰለት። ዳኞቹ በሁለቱም ተሰላችተው «ከክፉ ቁራ ክፉ እንቁላል» ብለው አባረሯቸው ይባላል። ኮራክስ በግሪክኛ ቁራ ማለት ነው። ተረቱ ቀልድ ቢሆንም ፍርዱ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ሥርዓት ያለው ንግግር ሁሉ እውነት እንዳልሆነ ሰሚው ከተናጋሪው እኩል ያውቅ ነበር።

በውኃ የሚለካ ንግግር

ጥበቡ ከሲሲሊ ወደ አቴና ለመሻገር ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። የሊዮንቲኒ ተወላጅ ጎርጊያስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 ከተማው በሲራኩስ ላይ እርዳታ እንድታገኝ ለመለመን በመልእክተኛነት ወደ አቴና መጥቶ፣ በንግግሩ ውበት ከተሜውን አስደነቀ። አቴናም ለዚህ ጥበብ የተዘጋጀ እርሻ ነበረች። በከተማይቱ ፍርድ ቤት አንድን ጉዳይ ለመዳኘት የሚቀመጡት በዕጣ የተመረጡ 201፣ 401 ወይም 501 ዜጎች ነበሩ። ከሳሽና ተከሳሽ በየራሳቸው አንደበት ይናገራሉ፤ የተፈቀደላቸው ጊዜም ከእንስራ በሚንጠባጠብ ውኃ ይለካል። ውኃው ሲያልቅ ንግግሩ ያልቃል። እንዲህ ባለ ሸንጎ ፊት ዋናውን ነገር ለመጨረሻ ያቆየ ሰው ሳይናገረው ሊቀር ይችላል። ንድፍ በአቴና የማዕረግ ጌጥ ሳይሆን የጊዜ ጉዳይ ነበር።

ንግግር ማዘጋጀት የማይችል ባለጉዳይ በክፍያ ያስጽፍና በቃሉ አጥንቶ ያቀርብ ነበር። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሊሲያስ ነው፤ አባቱ ከሲራኩስ የመጣ ሰው ነበር። ሊሲያስ የሚደነቅበት ችሎታ ለገበሬው የገበሬ፣ ለነጋዴው የነጋዴ አንደበት እንዲመስል አድርጎ መጻፉ ነው። ራሱ ግን በአቴና ተወልዶ ያደገ ቢሆንም እንደ መጻተኛ ይቆጠር ስለ ነበር የዜግነት መብት አልነበረውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ404 ሠላሳዎቹ የሚባሉት ግፈኞች ከተማይቱን ሲይዙ፣ ወንድሙን ፖለማርኮስን ያለ ፍርድ ገደሉት። በዚህ ጊዜ ለወንድሙ ሕይወት የሚከራከርበት ሸንጎ አልነበረም። የግፈኞቹ አገዛዝ ወድቆ ሸንጎው እንደገና ሲቆም ነው ሊሲያስ ከገዳዮቹ አንዱን በንግግር የከሰሰው። በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ የጥበቡ ኃይልም ወሰንም ይታያል። ሸንጎ ሲኖር ቃል ይከስሳል፤ ሸንጎ ሲዘጋ የቃል ሊቅም ወንድሙን አያድንም። በተከፈተውም ሸንጎ ቢሆን ሴቶችና ባሮች የመፍረድ ሥልጣን እንዳልነበራቸው መዘንጋት አይገባም።

አሪስቶትል ይህን ሁሉ ካጠና በኋላ በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፉ፣ የመምህራኑን የተንዛዛ ክፍፍል ተችቷል። በእርሱ አስተያየት ለንግግር የግድ የሚያስፈልጉት ሁለት ክፍሎች ብቻ ናቸው፦ ነገሩን መግለጽና የገለጹትን ማረጋገጥ። ቢበዛ መግቢያና መደምደሚያ ተጨምረው አራት ይሆናሉ። መግቢያም ቢሆን የሚያስፈልገው በሰሚው ድካም ምክንያት እንደ ሆነ ይናገራል። የማሳመኛ መንገዶቹንም በሦስት መደባቸው፤ እነርሱም የተናጋሪው ጠባይና ታማኝነት፣ የሰሚው ስሜት፣ የነገሩ ምክንያት ናቸው። እስከ ዛሬ ድረስ በየክፍሉ የሚሰጠው የንግግር ትምህርት ከእነዚህ ሦስት ምሰሶዎች አልወጣም።

ንድፉን ያፈረሰው ጠበቃ

ሮማውያን ከግሪኮች የተቀበሉትን ሥርዓት አጠነከሩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ለሄሬኒዩስ ተብሎ የተጻፈ አንድ የላቲን መማሪያ መጽሐፍ ንግግርን በስድስት ይከፍላል፦ መክፈቻ፣ ትረካ፣ የክርክሩን ነጥቦች ለይቶ ማስታወቅ፣ ማረጋገጥ፣ የተቃዋሚን ሐሳብ ማፍረስ፣ መደምደሚያ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ የሚሠራ አንድ ምክርም ሰጥቷል። ጠንካራው ማስረጃ በመጀመሪያና በመጨረሻ ይሰለፍ፤ ደካማው መካከል ይግባ።

ይሁን እንጂ የንድፍን ትርጉም ከመማሪያ መጽሐፉ ይልቅ የሚያስረዳው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ70 የተደረገ አንድ ክርክር ነው። ነገሩም እንደገና ወደ ሲሲሊ ይመልሰናል። ቬሬስ የተባለ ሮማዊ ከ73 እስከ 71 ደሴቲቱን በገዥነት ሲያስተዳድር ሕዝቡን ዘርፎ አራቁቶ ነበር። ሲሲሊያውያን ክሳቸውን ለወጣቱ ሲሴሮ አደራ ሰጡ። ሲሴሮ ማስረጃ ለመሰብሰብ 110 ቀን ጠይቆ በ50 ቀን ጨርሶ ተመለሰ። የተከሳሹ ጠበቃ በጊዜው በንግግር የሚስተካከለው ያልነበረው ሆርቴንሲዩስ ነው። የተከሳሹ ወገን ዘዴ ነገሩን ማጓተት ነበር። የበዓል ወቅት ስለ ቀረበ ሸንጎው ይበተናል፤ በሚመጣው ዓመት ደግሞ ሆርቴንሲዩስ ራሱ ከሁለቱ የአገሪቱ ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ይሆናል፤ የሸንጎውም ሰብሳቢ የቬሬስ ወዳጅ ይሆናል።

ሲሴሮ ይህን በተረዳ ጊዜ የለመደውን ንድፍ ራሱ አፈረሰው። በልማዱ ከሳሹ ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ ጠበቃው በረጅም ንግግር ይመልሳል፣ ምስክር የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ሲሴሮ ግን አጭር መክፈቻ ተናግሮ በቀጥታ ምስክሮቹን ጠራ። የተዘረፉት ሰዎች በየተራ እየቀረቡ በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ቬሬስ የመጨረሻውን ፍርድ ሳይጠብቅ ወደ ማሲሊያ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ማርሴይ፣ ተሰደደ። ሲሴሮ ያዘጋጃቸው ረጅም ንግግሮች በሸንጎ ሳይሰሙ በጽሑፍ ብቻ ወጡ። ድሉ የተገኘው ዳኞቹ ገና ዳኞች በነበሩበት ሰዓት ሊሰሙት የሚገባቸውን በማሰማት ነው። ንድፍ የሰሚው አገልጋይ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

ሸንጎው ሲዘጋ

ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ43 ዓመት መጨረሻ ላይ በአንቶኒዩስና በባልደረቦቹ ትእዛዝ ተገደለ፤ ራሱና እጁም ይናገርበት በነበረው የሮማ መድረክ ላይ ተሰቀለ። ሪፐብሊኩም ብዙ ሳይቆይ አከተመለትና በንጉሠ ነገሥታት አገዛዝ ተተካ። የጦርነትና የሰላም፣ የግብርና የመሬት ጉዳይ በአደባባይ ክርክር መወሰኑ ቀረ።

የሚገርመው ግን የንግግር ትምህርት ቤቶች የበዙት በዚህ ዘመን ነው። ወጣቶቹ ከሚለማመዷቸው የክፍል ሥራዎች አንዱ አንድን የታሪክ ሰው መክሮ ለማሳመን የሚዘጋጅ ንግግር ነበር። ሽማግሌው ሴኔካ መዝግቦ ካቆያቸው ርእሶች መካከል እነዚህ ይገኛሉ፦ ታላቁ እስክንድር ውቅያኖሱን ይሻገር ወይስ ይመለስ? አጋሜምኖን ልጁን ይሠዋ ወይስ ይተው? ሲሴሮ ነፍሱን ለማዳን አንቶኒዩስን ይለምን ወይስ አይለምን? ተማሪው መክፈቻውን አሣምሮ፣ ማስረጃውን ደርድሮ፣ በጭብጨባ ይቀመጣል። እስክንድር ግን ከሞተ ብዙ ዘመን አልፎታል፤ የሲሴሮም ራስ ተቆርጧል። ንግግሩ የሚለውጠው አንዳች ነገር አልነበረም። ስለ አንድ እውነተኛ ገደል መናገር ያልተፈቀደለት ትውልድ በትረካ ገደል ላይ ሆኖ የቃላት ክንፉን ያራግብ ነበር።

የታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ ስለ ተናጋሪዎች ባዘጋጀው የውይይት ድርሰቱ፣ ታላቅ ንግግር ለምን እንደ ጠፋ ሲያመራምር፣ ከተወያዮቹ አንዱ ምክንያቱን በመንግሥቱ ሁኔታ ላይ እንዲያገኘው አድርጓል። ሕዝብ በማይወስንበት ሥፍራ ሕዝብን ማሳመን ምን ይጠቅማል? በዚሁ ዘመን የኖረውና ከመንግሥት ግምጃ ቤት ደመወዝ እየተቀበለ ያስተማረው ኩዊንቲሊያን ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ95 ገደማ ያጠናቀቀውን ባለ አሥራ ሁለት መጽሐፍ ሥራ ትቶልናል። እርሱም ተማሪውን አስጠንቅቋል። የንግግር ንድፍ እንደ ማይለወጥ ሕግ መያዝ የለበትም፤ የጦር አዛዥ ሠራዊቱን በየሜዳው አቀማመጥ እንደሚያሰልፍ ሁሉ ተናጋሪም ቃሉን በየጉዳዩ ጠባይ ማሰለፍ አለበት። ምክሩ እውነት ነው፤ ግን ሜዳው ከተዘጋ ሠራዊቱ የት ይሰለፋል?

በዋርካ ጥላ ሥር

የንግግርን መንገድ አስቀድሞ መቀየስ ለግሪክና ለሮማ ብቻ የተሰጠ ጸጋ አይደለም፤ ለመንደፍም የግድ ብራናና ብዕር አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ነገር አዋቂ የሚባለው ተሟጋች ንድፉን የሚያኖረው በቃሉ ነበር። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ቢጣሉ ያለፈውን መንገደኛ በሕግ አምላክ ብለው አቁመው እንዲዳኛቸው ይጠይቁታል። ነገሩ ከከበደ በዋርካ ሥር ሸንጎ ይሰየማል። ተሟጋቹ ነጠላውን አደግድጎ ይቆማል፤ ዋሱን ይጠራል፤ ዳኛውንና ሕጉን አክብሮ በበላ ልበልሃ ይከፍታል። ከዚያም ክሱን በተጠየቅ ሥርዓት ጥያቄ እያደረገ በባላጋራው ላይ ያነጥፋል። ባላጋራው ይመልሳል፤ ማር፣ በቅሎ ወይም ፈረስ ይወራረዳሉ፤ ምስክር ይሰማል። ቤት የሚመታው አነጋገር የሰሚውን ጆሮ ይይዛል፤ ለተናጋሪውም የነገሩን ቅደም ተከተል ያስታውሰዋል። በመጨረሻ ተሰያሚዎቹ ከታናሹ ጀምረው እስከ ታላቁ ድረስ በየተራ አስተያየታቸውን ይሰጣሉ። ታናሹ አስቀድሞ እንዲናገር የተደረገው የታላቁን ፊት አይቶ እንዳይፈርድ ነው።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ መክፈቻ፣ የክስ ነገር፣ ማስረጃ፣ የባላጋራ ሐሳብ መልስ፣ የፍርድ ጥያቄ ሁሉም አሉ። ኮራክስ በሲራኩስ ያበጀውን ጎዳና የዋርካው ተሟጋች ከራሱ ኑሮ ተነሥቶ አግኝቶታል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የአንደበቱን ሙግት በጽሑፍ ክስና በጽሑፍ መልስ ከመተካቱ በፊት፣ ይህ ሸንጎ ለብዙ ሰው ከሁሉ የበለጠ የንግግር ትምህርት ቤት ነበር።

ሕዝቡ የዚህን ትምህርት ቤት ፍሬ ነገር በአንድ ምሳሌ ቋጥሮታል፦ «ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር።» የንግግር ጊዜ የሚለካው በዳኛ መገኘት ነው። በዚሁ ሕዝብ አፍ ግን ሌላም ምሳሌ ነበር፦ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።» ጭሰኛው ባለ መሬቱን ሲከስስ ዳኛው ራሱ ከባለ መሬቱ ወገን በሆነበት ጊዜ፣ የተጠየቁ ቤት ቢመታም ፍርዱ አይመታም። የመጀመሪያው ምሳሌ ጥበቡን ያስተምራል፤ ሁለተኛው የጥበቡን ድንበር ያመለክታል።

ጄኔቭ፣ ሰኔ 23 ቀን 1928

የማይከሰሰው ንጉሥ ራሱ ከሳሽ ሆኖ ሸንጎ ፊት የቆመበት ቀንም መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 23 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ላይ ለመናገር ተነሡ። ገና ሳይጀምሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ከላይ ከመቀመጫቸው በፉጨትና በስድብ ረበሹ። የሩማንያው ልዑክ ቲቱሌስኩ ረባሾቹ እንዲወጡ ጮኸ፤ ተባረሩም። ንግግሩ በአማርኛ ቀጠለ።

የዚህን ንግግር ንድፍ ለሚመረምር ተማሪ፣ ጥንታውያን ያስተማሩት ሁሉ በየቦታው ይገኛል። ተናጋሪው በመክፈቻው ለምን እንደ መጡ ወዲያው ያስታውቃሉ፤ የመጡት ለሕዝባቸው የሚገባውን ፍትሕና አስቀድሞ ቃል የተገባላቸውን እርዳታ ለመጠየቅ ነው። ቀጥሎ ትረካው ይመጣል። ከአውሮፕላን የተነዛው የመርዝ ጋዝ በሠራዊቱ፣ በሴቶችና በሕፃናት፣ በከብቱ፣ በወንዙና በግጦሹ ላይ ያደረሰው ጥፋት ይዘረዘራል። ከዚያ የነገሩ አመጣጥ ይከተላል፦ የ1928 እ.ኤ.አ. የወዳጅነት ውል፣ በ1934 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የወልወል ግጭት፣ ለማኅበሩ የቀረቡት ተደጋጋሚ አቤቱታዎች፣ የጦር መሣሪያ እንዳይገዛ የተደረገው ክልከላ። የተቃራኒው ሐሳብም መልስ አግኝቷል። የሌሎች አገሮች ወታደሮች ደም እንዲፈስስላት ኢትዮጵያ አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ራሷን የምትከላከልበትን መሣሪያና ለመግዣው የሚሆን ገንዘብ ነበር። ከዚህ በኋላ ንግግሩ ከአንድ አገር በደል ወደ መላው ዓለም ይሰፋል። የሚፈረደው የኢትዮጵያ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የትናንሽ አገሮች ሁሉ ህልውናና የውል ክብር ነው። መደምደሚያውም ጥያቄ ነው፤ ለሕዝባቸው ምን መልስ ይዘው እንደሚመለሱ ተናጋሪው ጉባኤውን ይጠይቃሉ።

ንድፉ እንከን የለውም። ማስረጃውም እውነት ነበር። ነገር ግን የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኤደን መንግሥታቸው በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ እንዲነሣ የሚፈልግ መሆኑን ለምክር ቤት ያስታወቁት ሰኔ 11 ቀን፣ ማለትም ከንግግሩ አሥራ ሁለት ቀን በፊት ነው። ታላላቆቹ መንግሥታት ኢጣሊያን ከጀርመን ለመለየት ይሻሉ ነበርና ሂሳቡን አስቀድመው ዘግተውታል። ማዕቀቡ ሐምሌ 8 ቀን ተነሣ። በዋርካው ሥርዓት ታናሹ አስቀድሞ ይናገራል፤ በጄኔቭ ግን ታላላቆቹ ቀድመው ተናግረው ነበር። የአዳራሹ ወንበሮች ሞልተው ሳሉ ዳኛ አልነበረም።

ንግግሩ ከንቱ ቀረ ማለት ግን አይደለም። ቃሉ በጋዜጣና በፊልም ከአዳራሹ ወጥቶ በቅኝ አገዛዝ ሥር ወደ ነበሩ ሕዝቦችና ወደ ጥቁር አሜሪካውያን ደረሰ። በአውሮፓም ብዙ ሳይቆይ፣ በ1939 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲፈነዳ፣ ማስጠንቀቂያውን ያልሰሙት ሁሉ አስታወሱት። በጉባኤው የተነፈገው ፍርድ የተገኘው ደግሞ አርበኞች አምስት ዓመት ተዋግተው፣ ከ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም የእንግሊዝ ጦር ተጨምሮበት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የጄኔቭ ታሪክ ለንግግር ተማሪ የሚያስተምረው አንድ ንግግር ሁለት ሰሚ ሊኖረው እንደሚችል ነው፤ አንዱ ፊት ለፊት የተቀመጠው ሲሆን ሌላው በሩቅ ሆኖ የሚፈርደው ነው።

ወደ ሰሌዳው መመለስ

በሃያኛው መቶ ዓመት የንግግር ትምህርት በተለይ በአሜሪካ ኮሌጆች ተስፋፋ። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው አለን ሞንሮ በ1935 እ.ኤ.አ. ባወጣው መማሪያ መጽሐፍ የማሳመኛ ንግግርን በአምስት ደረጃ ቀየሰው። መጀመሪያ የሰሚውን ትኩረት መሳብ፤ ሁለተኛ ያለበትን ችግር ማሳየት፤ ሦስተኛ መፍትሔውን ማቅረብ፤ አራተኛ መፍትሔው ቢፈጸም ወይም ቢቀር የሚሆነውን በዓይነ ሕሊናው እንዲያይ ማድረግ፤ አምስተኛ የሚፈለግበትን ድርጊት መጠየቅ። ሞንሮ ደረጃዎቹን ያወጣው ሰው ችግር ሲገጥመው እስኪፈታው ድረስ አእምሮው የሚሄድበትን መንገድ በመከተል ነው። ዘዴው አዲስ ቢመስልም የሲራኩሱ ጥያቄ ሳይለወጥ በውስጡ አለ፤ ሰሚው ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል?

ስለዚህ መምህሩ ንድፍ በሚያስወጣበት ጊዜ ከመግቢያው በላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ቢጨምር ከታሪኩ ጋር ይስማማል፦ «የሚወስነው ማን ነው? ምን የመወሰን ሥልጣን አለው?» ለምሳሌ አንድ ተማሪ የሰፈሩ ሰዎች ምንጫቸውን እንዲያጥሩ ለማሳመን ተነሣ እንበል። በመጀመሪያው ንድፉ ስለ ውኃ ወለድ በሽታ በሰፊው ያትታል፤ ማስረጃው ትክክል ነው፤ መደምደሚያውም ያማረ ነው። የሚወስነውን ሰው ፈልጎ ሲያገኝ ግን አጥሩን የሚፈቅዱት ከብቶቻቸውን ከምንጩ የሚያጠጡት አባወራዎች መሆናቸውን ይረዳል። እነርሱን የሚያሳስባቸው አጥሩ ከብቶቻቸውን ውኃ ይከለክል እንደ ሆነ ነው። ያን ጊዜ በንድፉ መጨረሻ ያስቀመጠው የተቃራኒ ሐሳብ መልስ ወደ መጀመሪያው ይመጣል፤ ከአጥሩ ውጭ ለከብቶቹ ገንዳ እንደሚሠራ ይነገራል፤ የበሽታው ነገር ከዚያ በኋላ ይሰማል። የሚጠየቀውም ድርጊት ይታወቃል፦ እያንዳንዱ አባወራ በየትኛው ቀን ስንት እንጨት ይዞ ይምጣ? አንድም ማስረጃ አልተጨመረም። የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው፤ ንግግሩ ግን ለክፍል ከተዘጋጀ ልምምድ ወጥቶ ለሰው የተነገረ ቃል ሆኗል።

ሮማውያን ተማሪዎች ያጡት ይህን ነው። ንድፋቸው የተማሩትን ሕግ ሁሉ የጠበቀ ነበር፤ የሚወስን ሰሚ ግን አልነበረውም። ንግግር የሚማር ወጣት ንድፉን በእውነተኛ ጥያቄ ላይ እንዲሠራ፣ የሚቃወመውም ሰው እንዲገኝና እንዲመልስለት፣ የሰሙትም በመጨረሻ እንዲወስኑ ካልተደረገ፣ ስለ እስክንድር ውቅያኖስ የሚናገር ደቀ መዝሙር ይሆናል። ስብሰባ የሚጠራም ሰው ቢሆን ውሳኔውን በኪሱ ይዞ መጥቶ «ሐሳብ ስጡ» ቢል፣ ያማረውን ንግግር የሚሰማ ሕዝብ አያገኝም፤ የሚያገኘው የሚያጨበጭብ አዳራሽ ነው።

የሲራኩሱ ገበሬ ለመናገር የተነሣው አምባገነኑ ወድቆ ሸንጎ በመቆሙ ነው። ኮራክስ ያስተማረው የአነጋገሩን ሥርዓት ነው፤ እንዲነገር ያደረገው ግን መሬቱ ነበር፣ የሚፈርድለትም ዳኛ መገኘቱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ንድፉ ብዙ ስም ወጥቶለታል፤ በአራት፣ በአምስት፣ በስድስት ተከፍሏል። በየትኛውም አከፋፈል ቢሆን የመጀመሪያው ሥራ ሳይለወጥ ቆይቷል፤ እርሱም ዳኛውን ማግኘት ነው። ዳኛ ሲገኝ መናገር ጥበብ ነው። ዳኛ በሌለበት ዳኛ እንዲቆም መጠየቅ ደግሞ ከማንኛውም አሳማኝ ንግግር የሚቀድም ንግግር ነው።